ማን ፈቀደ? ማን ፈረመ? የአንዲት ወረቀት ታሪክ ከጣና ዳር

ዛሬ የምንነጋገረው አብዛኞቻችን ስለምንንቃት፣ ስንጠየቅ ስለምንሰለቻት አንዲት ወረቀት ነው። ስሟ ቃለ ጉባኤ ይባላል። ጽሑፉ ረዘም ይላልና ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ሰባታሚት ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ተሰባሰቡ እንበል። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትመጣ ሰባታሚትን፣ ወራሚትንና ዘንዘልማን የመሰሉ የእርሻ ቀበሌዎች ከተማው ደጃፋቸው ድረስ መጥቶባቸዋል። እነዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች ለመሬታቸው ካሳ ያገኙትን ብር አዋጥተው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋሙ። የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ለመግዛት ብድር ፈልገው ባንክ ሄዱ። የብድር ሠራተኛዋ ፋይሉን አገላብጣ፣ "ቃለ ጉባኤ ይዛችኋል?" አለች።

ሥራ አስኪያጁ ተቆጡ። "ልጄ፣ ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ። ማኅተሙም ይኸው በእጄ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ምን አሉ አላልኩም፤ ማኅበሩ ምን አለ ነው ያልኩት።"

የዚህ ጽሑፍ ጠቅላላ ነገር በዚች መልስ ውስጥ አለ። ማኅበር ሰው አይደለም። አፍ የለውም፣ እጅ የለውም፣ ብዕር አይጨብጥም። ሕግ ግን እንደ ሰው ይቆጥረዋል፤ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ታዲያ አፍ የሌለው ምን እንደወሰነ በምን ይታወቃል? በቃለ ጉባኤው ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚፈርመው ማኅበሩ "ፈርምልኝ" ብሎ ስላዘዘው ብቻ ነው። ትእዛዙ ካልተጻፈ ፊርማው የማኅበሩ መሆኑ ቀርቶ የግለሰብ ፊርማ ይሆናል።

ይህ የባንክ ቢሮክራሲ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። "ማን ፈቀደ? ማን ፈረመ?" የሚለው ጥያቄ አገራችንን ብዙ ጊዜ ዋጋ አስከፍሏታል። ጣናም ራሱ በዚህ ጥያቄ ሰበብ በባዕዳን ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ያውቃል። ወደ ታሪኩ እንሂድ።

ከወንጌሉ ኅዳግ

ቃለ ጉባኤ ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" የሚለው ተረት የእኛው ነው። የጥንት ገዳማትና አድባራት መሬት ሲሰጣቸው፣ ጉልት ሲተከልላቸው፣ ክርክር ሲፈታ፣ ውሳኔው በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል ዘወርቅ የሚባለው የደብሩ ትልቁ መጽሐፍ ከጸሎት አልፎ የመዝገብ ቤትም ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በጎንደር ዘመን ደግሞ ትላልቆቹ አድባራት የመሬት መዛግብታቸውን በስፋት ይጽፉ ነበር።

እነዚያን ጽሑፎች ልብ ብሎ ላየ ሰው አሠራራቸው ከዛሬው ቃለ ጉባኤ ብዙም አይርቅም። በማን ዘመን እንደሆነ ይጻፋል። ማን ለማን ምን እንደሰጠ ይጻፋል። በቦታው የነበሩት ሹማምንትና ካህናት በስማቸው ይዘረዘራሉ፤ ምስክሮች ናቸው። በመጨረሻ ውሳኔውን የሚያፈርስ ሰው ይወገዛል። ዛሬ በውግዘቱ ቦታ ፍርድ ቤት ገባ፣ በወንጌሉ ቦታ ውልና ማስረጃ ገባ፤ ቀን፣ ጉዳይ፣ ተገኚዎች፣ ውሳኔና ማስፈጸሚያ ግን ያኔም ነበሩ።

ከጣና ዳር ሌላ ምሳሌ ላምጣ። በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ መሬቱ አይታረስም የሚለው ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ነው ተብሎ ይነገራል። የዘጌ የቡና ደን ዛሬም ድረስ ያለው በዚህ ሥርዓት ጭምር ነው። እንግዲህ አንድ ማኅበረሰብ ስለ ሀብቱ የወሰደው አቋም፣ ሁሉም የሚያውቀውና የሚያከብረው ከሆነ፣ ከትውልድ ትውልድ ሊሻገር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ልዩነቱ፣ በዘጌ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። የንግድ ማኅበር ግን ከማያውቁት ባንክ፣ ከማያውቁት አቅራቢ፣ ከማያውቁት ዳኛ ፊት ይቆማል። ለማያውቅህ ሰው ደግሞ ወረቀት ያስፈልገዋል።

ፓሪስ ላይ የተፈረመው

ዘመናዊ ኩባንያ ወደ አገራችን የመጣው በባቡር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግና ፈረንሳዊው ሸፍኔ በ1888 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ኩባንያውን አቋቋሙ። ፈቃዱ የንጉሡ ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው በንጉሡ አገር ነው፤ ቦርዱ ግን የሚሰበሰበው ፓሪስ ነው።

ገንዘብ አጠረ። ኩባንያው ገንዘብ ፍለጋ ሲንከራተት ቆይቶ በጥር 1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉም፣ በምላሹ በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን ሊያገኝ ሆነ። አፄ ምኒልክ አልተጠየቁም። ለነጋዴዎች የሰጡት ፈቃድ በአንድ የፓሪስ ፊርማ ወደ ባዕድ መንግሥት እጅ ገባ።

ንጉሡ ሲሰሙ ተቆጡ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለዓመታት አንድ እርምጃ አልተራመደም። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ከተሰጠ ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ እጥረትና የኃያላን ሽኩቻም አለበት። ነገር ግን ትምህርቱ ጎልቶ ይታያል። ማኅበር ስታቋቁም "የትኛው ውሳኔ ያለእኔ ፈቃድ አይወሰንም?" የሚለውን መጀመሪያ ካልጻፍክ፣ በኋላ መቆጣት ብቻ ነው የሚቀርህ። ያውም ምኒልክ ንጉሥ ስለነበሩ ሥራውን ማስቆም ቻሉ። አንድ ተራ ባለአክሲዮን ምን ማድረግ ይችላል?

ጣና በማን ፊርማ?

በዚያው በ1894 ዓ.ም.፣ በወርኃ ግንቦት፣ አፄ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት የድንበር ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል ውስጥ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ ላለመሥራት የሚል አንቀጽ ገባ። ብሪታንያ ከዚያ በኋላ ጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ደጋግማ ጠየቀች።

ታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። ብሪታንያና ኢጣሊያ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ኢጣሊያ ብሪታንያ የጣናን ግድብ እንድታገኝ ትደግፋለች፤ ብሪታንያም ኢጣሊያ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ውስጥ እንድትዘረጋ ትደግፋለች። የሐይቁ ባለቤት በስብሰባው ላይ የለም። በዛሬ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ሁለት ጎረቤቶች ያንተን ቤት አከራይተው ሲጨርሱ በደብዳቤ አሳወቁህ እንደማለት ነው።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዝም አላሉም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለነበር አቤቱታቸውን ወደ ጄኔቫ ላኩ። የአቤቱታው ፍሬ ነገር ያው የእኛ ጥያቄ ነው፦ ባልተጠየቅንበት ጉዳይ እንዴት ይወሰናል? ሁለቱ መንግሥታት የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት ለመንካት አላሰብንም እያሉ ለማስተባበል ተገደዱ። ጦር ያልነበረው አቤቱታ የሠራው "ማን ፈቀደ?" ብሎ በመጠየቁ ነው።

ከዚያ ተፈሪ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ፤ በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በህንድ ያደጉት ሐኪም ማለት ናቸው። ወርቅነህ በ1920 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ኒውዮርክ ከሚገኘው ጄ. ጂ. ኋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር በጣና ግድብ ጉዳይ ተስማሙ። ለንደን በዜናው ደነገጠች፤ የ1894ቱን ውልም ጠቀሰች። ቢሆንም የኩባንያው መሐንዲሶች ከጥቂት ዓመት በኋላ መጥተው ጣናን አጠኑ። ግድቡ ግን አልተሠራም፤ ድርድሩ ሲጓተት የ1928ቱ ወረራ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወርቅነህ ኒውዮርክ ሲደርሱ በኩባንያው በኩል የተቀመጠው ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው "ይህ ሰው በማን ስም ነው የሚናገረው?" የሚለውን ነው። በወርቅነህም በኩል ያው ጥያቄ አለ። አገርም ሆነ ኩባንያ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በተወካይ ነው። ተወካይ ደግሞ በተሰጠው ልክ እንጂ ከዚያ በላይ አይናገርም። የሰባታሚቱ ማኅበር ሥራ አስኪያጅም ሆነ የአልጋ ወራሹ መልእክተኛ በዚህ እኩል ናቸው።

ካይሮ ሲሰበሰብ፣ አዲስ አበባ ሲጻፍ

የመጀመሪያው ባንካችን ታሪክም ከዚህ አይለይም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት ተቋቁሞ በ1898 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ተመረቀ። ለ50 ዓመት ብቸኛ ባንክ የመሆን መብት ተሰጠው። የተመደበለት ካፒታል 500,000 ፓውንድ ነበር። ነገር ግን ባንኩ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ቅርንጫፍ ያህል ነበርና ዋናው ውሳኔ የሚሰጠው ካይሮ ነው። አዲስ አበባ ገንዘቡን ታስቀምጣለች፣ ካይሮ ትወስናለች።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን በካሳ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምናወራው ስለ ገንዘብ ኖት ነው። እኔ ግን ትልቁ ለውጥ የጉባኤው ቦታ መቀየሩ ነው እላለሁ። ቃለ ጉባኤው የሚጻፍበት ከተማ ከካይሮ ወደ አዲስ አበባ መጣ።

ሕጉም ተከተለ። በ1925 ዓ.ም. የኩባንያ፣ የንግድ ምዝገባና የኪሳራ ሕጎች ወጡ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ትልቁ የሕግ ማርቀቅ ዘመን መጣ። የንግድ ሕጉን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 አባላትና 50,000 ብር ካፒታል ይኑረው አለ። ጠቅላላ ጉባኤን መደበኛና ድንገተኛ ብሎ ከፈለ። የጥሪውን፣ የምልዓተ ጉባኤውን፣ የድምፁንና የቃለ ጉባኤውን ሥርዓት ዘረጋ። ይህ ሕግ 60 ዓመት ያህል አገልግሎ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተካ። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። ብቻውን የሆነ ሰው እንኳ የማኅበሩን ውሳኔ ከራሱ የግል ሐሳብ ለይቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ለምን? የኪሱ ብርና የማኅበሩ ብር እንዳይደባለቅ ነው።

ጉባኤ የሌለበት ዘመን

የንግድ ሕጉ ሥራ በጀመረበት በ1953 ዓ.ም. ባሕር ዳርም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገኘች። ፋብሪካው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። ከተማዋ ከሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ፋብሪካ ከተማነት የተሸጋገረችው በእርሱ ነው። ስንቱ የጣና ዳር ቤተሰብ በዚያ ፋብሪካ ፉጨት ተነሥቶ አድሯል! ስለ ፋብሪካው የሚወስነው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ አልነበረም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። ጥር 26 ቀን ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት ዞሩ። ባለአክሲዮን የሚባል ሰው በአንድ ሌሊት ጠፋ። ጠቅላላ ጉባኤ፣ ምልዓተ ጉባኤ፣ የተቃውሞ ድምፅ የሚባሉ ቃላት ከንግድ ቤት ወጡ። በቦታቸው "ከበላይ አካል በተሰጠ መመሪያ መሠረት" የሚል ሐረግ ገባ።

የዚያ ዘመን ጉዳት ንብረቱ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ትውልድ የመሰብሰብ፣ የመከራከር፣ ድምፅ የመስጠትና የመጻፍ ልምዱን አጣ። ስብሰባ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዛ። ነገር ግን የተወሰነን ነገር ለማጨብጨብ የሚደረግ ስብሰባ ሆነ። ዛሬ በስንቱ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ "የሚቃወም አለ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ሲባል የምንሰማው የዚያ ልማድ ቅሪት ነው።

መቶ ሺህ ሰው እንዴት ይሰበሰባል?

በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር ከፍለው አዋሽ ባንክን አቋቋሙ። 486 ሰው አንድ አዳራሽ ይበቃዋል፤ እርስ በርሱም ይተዋወቃል።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን ይዞ ነው የተነሣው። ይህን ያህል ሰው ልሰብስብ ቢባል የባሕር ዳር ስታዲየም እንኳ አይበቃም። ባሕር ዳር ላይ በአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋምነት ያደገው አብቁተም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የሻይ ቤት ባለቤቱ፣ መምህሯ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ባለአክሲዮን እየሆነ ነው። ባለአክሲዮን መሆን ደግሞ ትርፍ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ውሳኔ ውስጥ መግባት ነው። እኛ ግን የምናደርገው ምንድን ነው? የስብሰባ ጥሪ በጋዜጣ ይወጣል፣ አናየውም። የውክልና ቅጽ ይመጣል፣ አጀንዳውን ሳናነብ እንፈርማለን። ከዚያ የትርፍ ድርሻ ሲቀንስ "ማን ወሰነው?" እንላለን። አንተ ነህ የወሰንከው፤ በውክልናህ።

ወረቀቷ ምን ምን ይኑራት?

እንግዲህ ከታሪኩ ወደ ሥራው እንውረድ። ጥሩ ቃለ ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል? ከላይ ያየናቸው ውድቀቶች ራሳቸው መልሱን ይነግሩናል።

አንደኛ፣ የመወሰን ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እወቁ። መመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻል፣ ካፒታል መጨመርና መቀነስ፣ መዋሐድ፣ ማፍረስ የመሳሰሉት የጠቅላላ ጉባኤው ናቸው፤ በተራ ድምፅም አያልፉም። ሒሳብ ማጽደቅ፣ ትርፍ መደልደል፣ የቦርድ አባላትንና ኦዲተርን መምረጥ የመደበኛው ጉባኤ ሥራ ነው። የዕለት ተዕለት ግዢና ሽያጭ የሥራ አስኪያጁ ነው። በመካከል ያሉት ትልልቅ ነገሮች፣ ብድር፣ መያዣ፣ ሕንፃ ሽያጭ፣ በማን ይወሰኑ? በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በብር መጠን ጭምር ይጻፍ። ፓሪስ ላይ የተፈረመውን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ጥሪው በጊዜው ይድረስ፤ አጀንዳውም ከጥሪው ጋር ይሁን። "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" በሚል ጥላ ሥር ቤት መሸጥ አይቻልም። ሰው ስለምን እንደሚወስን ሳያውቅ የሰጠው ድምፅ ለክርክር በር ይከፍታል።

ሦስተኛ፣ ማን እንደተገኘ፣ ማን በውክልና እንደመጣ፣ ስንት አክሲዮን እንደተወከለ ተመዝግቦ ይፈረም። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ስብሰባ የለም፤ ሻይ ጠጥቶ መለያየት ነው። ሕጉ ለሁለተኛ ጥሪ ያስቀመጠውን ሥርዓት መከተል ነው እንጂ "እነ እገሌ ደውለው ተስማምተዋል" ብሎ መጻፍ አይገባም።

አራተኛ፣ ውሳኔው ለማያውቃችሁ ሰው የሚገባ ይሁን። "ማሽን እንዲገዛ ተወስኗል" ውሳኔ አይደለም፤ ምኞት ነው። የትኛው ማሽን? ከማን? በስንት ብር? ብድሩ ከየትኛው ባንክ፣ እስከ ስንት ድረስ? ለመያዣ የሚቀርበው የትኛው ንብረት ነው፣ የካርታ ቁጥሩስ? ውሉን ማን ይፈርማል፣ ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ጋር? ሥልጣኑ እስከ መቼ ይጸናል? የሰባታሚቱ ማኅበር እነዚህን በሁለት ገጽ ጽፎ ቢሄድ ኖሮ የብድር ሠራተኛዋ ሌላ ጥያቄ አይኖራትም ነበር።

አምስተኛ፣ የራሱ ጥቅም ያለበት ሰው ይናገር፤ መናገሩም ይጻፍ። የቦርዱ ሰብሳቢ የወንድሙን መሬት ማኅበሩ እንዲገዛ ሲያቀርብ፣ ዝምድናው በቃለ ጉባኤው ላይ ካልሰፈረ በኋላ የሚመጣው ጠብ ዘር አይለይም።

ስድስተኛ፣ የተቃወመ ሰው ስሙና ምክንያቱ ይጻፍለት። ይህ ለብዙ ሰብሳቢዎች ይከብዳቸዋል፤ "አንድነታችንን ያሳጣል" ይላሉ። ግን የተቃውሞ ድምፅ መጻፉ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የተቃወመው ሰው ነገ ከኃላፊነት ይድናል፤ የወሰኑት ደግሞ ነገሩን አይተው፣ ተከራክረው እንደወሰኑ ማስረጃ ያገኛሉ።

ሰባተኛ፣ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ይፈርሙ፤ በሕግ ወይም በአሠራር ውልና ማስረጃ ቀርቦ መረጋገጥ ያለበት ይረጋገጥ፤ በንግድ መዝገብ መግባት ያለበት ይግባ። ዋናው በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ እንጂ በሥራ አስኪያጁ መኪና ኪስ ውስጥ አይደር።

"መተማመን ካለ ምን ያደርጋል?"

ይህን ሁሉ ስናወራ የሚመጣ ተቃውሞ አለ። "እኛ ወንድማማቾች ነን። አብረን ጽዋ እንጠጣለን። እርስ በርሳችን ወረቀት ምን ያደርግልናል?" የሚል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። እቁባችን በዳኛና በጸሐፊ፣ እድራችን በቃልና በመሐላ ስንት ዘመን ኖሯል! ለትንሽ ማኅበር የውልና ማስረጃ ሰልፉ፣ የጠበቃው ክፍያ፣ ሠርቶ የማይውሉበት ቀን እውነተኛ ወጪ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤትም ለተራ ጉዳይ ሁሉ ቃለ ጉባኤ እየጠየቀ ሰውን እንደሚያጉላላ አይካድም።

ነገር ግን እቁቡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጸሐፊ አለው፤ መዝገብ አለው፤ ዋስ ይጠራል። አያቶቻችን የተማመኑት ስላልጻፉ አልነበረም። በሚተማመኑበትም ነገር ይጽፉ ነበር። መተማመን የሚጠፋው ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለሚረሳ፣ ስለሚታመም፣ ስለሚሞት ነው። ዛሬ አብረውህ የወሰኑት ወንድሞችህ ናቸው። ነገ በቦታቸው የሚቀመጡት ልጆቻቸው ናቸው፤ አባታቸው ምን እንዳለ ያልሰሙ ልጆች። ለእነርሱ ማን ይነግራቸዋል?

ሌላም አለ። ወረቀት የማይፈልገው ሁልጊዜ ጉልበት ያለው ወገን ነው። ማኅተም የያዘ ሰው ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም፤ ማኅተሙ ይበቃዋል። ወረቀት የሚያስፈልገው ሦስት አክሲዮን ላላት መበለት፣ ከአገር ውጭ ሆኖ ገንዘቡን ለላከ ወንድም፣ የቤት ሥራ ማኅበር አባል ሆኖ ዓመታት ለቆጠበ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሰዎች ፍርድ ቤት ቢቆሙ የሚይዙት ምስክር ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። ባዶ ወረቀት ላይ አስቀድሞ የሚያስፈርም ሰብሳቢ የሚነጥቃቸውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ለአጎታችሁም ቢሆን አትፈርሙ።

የአክሲዮን ድርሻ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት፣ የቤት ማኅበር ቁጠባ ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። የማኅበራችሁን የመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ጠይቁና አንብቡ። ስማችሁ ተገኚዎች ዝርዝር ውስጥ ካለና እናንተ ያን ቀን ሌላ ከተማ ከነበራችሁ፣ መነጋገር ያለባችሁ ነገር አለ ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።